ከአንዲት ትንሽ ክሮሞሶም እስከ ጥቁር አንበሳ

የደም ካንሰር ጥናት ታሪክ የሚጀምረው ከማይክሮስኮፕ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 ጆን ሂዩዝ ቤኔት በኤዲንብራ፣ ሩዶልፍ ፊርኾ በበርሊን፣ ጣፊያቸው አብጦ በሞቱ ሕሙማን ደም ውስጥ ነጫጭ ሕዋሳት ከመጠን በላይ በዝተው አገኙ። ሉኪሚያ የሚለውን ስም ያወጣለትም ፊርኾ ነው።

ይሁን እንጂ የበሽታው መንሥኤ ከመቶ ዓመት በላይ ተሰውሮ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በፊላዴልፊያ ከተማ የክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ሕሙማንን ሕዋሳት ሲመረምሩ ከመጠኗ ያነሰች አንዲት ክሮሞሶም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ መለዋወጣቸውን አስረዱ። ከዚህ ልውውጥ ቢሲአር-ኤብል የተባለ ድቅል ጅን እንደሚፈጠር ኋላ ታወቀ፤ ከእርሱ የሚገኘው ኢንዛይም ያለ ዕረፍት እየሠራ ነጭ ሕዋሳትን ያለ ልክ ያራባል። ይህን ኢንዛይም ለይቶ የሚያግደው ኢማቲኒብ በ1998 በሕሙማን ተሞከረ፤ በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ።

የመድኃኒቱ ዋጋ ለብዙው ኢትዮጵያዊ የማይቀመስ ነበር። ሆኖም አምራቹ ኖቫርቲስ ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር ባቋቋመው የእርዳታ ፕሮግራም አማካይነት በጥቁር አንበሳ ሐኪም ቤት በነጻ ሊታደል ቻለ። በአገራችን በሽታው ብዙዎችን የሚይዘው ቤተሰብ በሚያስተዳድሩበት ዕድሜ በመሆኑ፣ የክኒኑ መምጣት ብዙ ቤት ከመፍረስ አድኗል።

ነገር ግን መድኃኒቱ እንዲታዘዝ የጅኑ ለውጥ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። መካኒሳ አቦ የሚኖር ሕመምተኛ በሜክሲኮ በኩል በታክሲ ጥቁር አንበሳ ሲደርስ፣ የደሙ ናሙና ግን ባሕር መሻገር ያስፈልገው የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም።

ካንሰሩም በአንድ ጠባይ አይረጋም። ቲ315አይ የተባለው ተጨማሪ ለውጥ ሲከሠት ኢማቲኒብ ኢንዛይሙን መያዝ ይሳነዋል፤ ፖናቲኒብን የመሰለ ሌላ መድኃኒት የተሠራውም ስለዚሁ ነው። እንግዲህ ክኒኑን እየወሰደ ጣፊያው ዳግመኛ የሚያብጥ ሰው ቢገኝ፣ መድኃኒቱን አቋርጦ ይሁን ወይስ ሕዋሱ ተለውጦበት፣ በዓይን አይለይም። ምርመራ በሌለበት ስፍራ ትእዛዝ አክባሪው ሕመምተኛ እንደ ቸልተኛ ሊቆጠር፣ የማይጠቅመውንም ክኒን እየዋጠ ሊሞት ይችላል።

ክኒኑ በስጦታ መጥቷል። የሕዋሱን ለውጥ መርምሮ የሚያውቅ ባለሙያና ላቦራቶሪ ግን በየክልሉ ሐኪም ቤት ሊተከል የሚገባው በራሳችን ጥረት ነው።