የተጠቀለለ የገብስ ቅጠል ድርቅ ነው ወይስ ክሽክሽ?

ዝናብ ሲያጥር የገብስ ቅጠል መጠቅለሉ የታወቀ ነው። በዚህም የተነሣ ማሳው የገረጣበት አርሶ አደር ጥፋቱን ከሰማይ እንጂ ከነፍሳት አይፈልግም። በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋማ አካባቢዎች፣ በተለይም በበልግ ገብስ ላይ፣ ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳይ ተባይ ግን አለ፤ እርሱም የገብስ ክሽክሽ ነው። ተባዩ በአገራችን የታወቀው በ1960ዎቹ አጋማሽ በሰሜኑ ክፍል ሲሆን፣ ዝናብ ባጠረበት ዘመን ስለሚበረታ ከድርቅ ጋር መምታታቱ አያስደንቅም። ይህ ጸሐፊም በኮሌጅ የተግባር ልምምዱ ወቅት ምልክቱን አይቶ «የማዳበሪያ እጥረት» ብሎ መመዝገቡን አይክድም።

ልዩነቱ የሚታወቀው ቅጠሉን በጣት ገልጦ በማየት ነው። ውኃ በማጣት የተጠቀለለ ቅጠል እርጥበት ሲያገኝ ይዘረጋል። ክሽክሽ የጠቀለለው ግን እንደ ሽንኩርት ቅጠል ቱቦ ሆኖ ይቀራል፤ በቁመቱም ነጭ ወይም ቢጫ፣ በብርድ ጊዜ ደግሞ ወይን ጠጅ መስመር ይወጣበታል። በውስጡ ከ2 ሚሊ ሜትር ገደማ የማይበልጡ፣ ሞላላና ፈዛዛ አረንጓዴ ነፍሳት ተጠጋግተው ይገኛሉ። ሌላው የክሽክሽ ዓይነት ወይራማ አረንጓዴ ሆኖ ጀርባው መጨረሻ ላይ ቀላ ይላል፤ ቅጠሉን አይጠቀልልም፣ ነገር ግን ገብሱን ከጫፉ ጀምሮ የሚያቀጭጭና ቢጫ የሚያደርግ ቫይረስ ያስተላልፋል።

የገብስ ክሽክሽ በመርፌ መሰል አፉ የተክሉን ፈሳሽ ሲመጥ፣ ምራቁ የቅጠሉን አረንጓዴነት ያጠፋል። እንስቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ የተወለደችውም በሁለት ሳምንት ገደማ ራሷ ወላጅ ትሆናለች። የመጨረሻው ቅጠል ከተጠቀለለ ዛላው ተይዞ ጎብጦ ይወጣል፣ ፍሬውም ይመክናል። ስለሆነም ማሳውን ከቡቃያ እስከ ዛላ መውጫ በየሳምንቱ መመልከት ያስፈልጋል።

በላዩ ላይ ብቻ የሚረጭ መድኃኒት በቱቦው ውስጥ ያለውን ተባይ አይነካም፤ በተክሉ ፈሳሽ ውስጥ የሚዘዋወረው ይሻላል። ምርጫውንና መጠኑን ከልማት ጣቢያ ባለሙያ መጠየቅ ይገባል። በመለያው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳያልፍ ከተረጨ ማሳ ሣር አጭዶ ለከብት መስጠት አደገኛ ነው። ቀይ ክንፍ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላቸው ጥንዚዛዎች ክሽክሽ ስለሚበሉ አይገደሉ። ከአጨዳ በኋላ የሚበቅለው ወፍ ዘራሽ ገብስ ተባዩን ለሚቀጥለው ወቅት ስለሚያሻግር ተነቅሎ ይጥፋ።

በከተማ ጓሮ ጎመን ላይ የሚታየው ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ግራጫ ክሽክሽ ሌላ ዝርያ ነው፤ ጥቂት ሲሆን ቅጠሉን በውኃ በማጠብ ይወገዳል።