የስቴትቪል እስረኞች ደም

እስቲ ጠጋ በሉ፣ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። ኢሊኖይ ውስጥ፣ ጆሊየት ከተማ አጠገብ፣ ስቴትቪል የሚባል ወህኒ ቤት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ገቡበት። ወባ የአሜሪካን ወታደር እየጣለች አስቸግራ ነበርና፣ እስረኞቹ ወደው በወባ እንዲያዙና አዳዲስ መድኃኒት እንዲሞከርባቸው ተጠየቁ። ፈረሙ። የታሰረ ሰው ፊርማ ፈቃድ ነው መባሉ ለእኔ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

ጦርነቱ አለቀ፤ ሙከራው ግን ቀጠለ። ኋላ ከመጡት መድኃኒቶች አንዱ ፕሪማኪን ነበር። አብዛኞቹ ዋጡት፣ ምንም አልሆኑም። ከጥቁሮቹ እስረኞች አንዳንዶቹ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ሽንታቸው ጠቆረ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ ጉልበት ከዳቸው። ቀይ የደም ሴላቸው እየፈረሰ ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው? የሴሉ ወይስ የቀረው ሰውነት? ሐኪሞቹ ዘዴ ዘየዱ። መድኃኒቱ ከሚጎዳው ሰው ደም ቀዱ፤ ሴሉን ጨረር በሚያመነጭ ክሮሚየም ምልክት አድርገው ለማይጎዳው ሰው ሰጡት። ሰውየው ፕሪማኪን ሲውጥ እንግዳው ሴል ፈረሰ፣ የራሱ ግን ደህና ሰነበተ። ደግሞ ገለበጡት፦ የጤነኛው ሴል በተጎጂው ሰውነት ውስጥ ምንም ሳይሆን ቆየ። በቃ! ጉዱ ከሴሉ ነው።

ምኑ ጎድሎት? በ1956 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ተመራማሪው ፖል ካርሰንና ባልደረቦቹ መለሱት፦ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም። ይህ ኢንዛይም ግሉታታዮን የተባለው የሴሉ ጠባቂ እንዲታደስ ያደርጋል። ኢንዛይሙ ሲያንስ ፕሪማኪን ሄሞግሎቢኑን ያበላሸዋል፣ ሴሉም ይፈርሳል። ቀድሞ የሚረግፈው አሮጌው ሴል ነው፤ አዲሱ ኢንዛይሙ ገና ስላልተሟጠጠ ይቋቋማል። ለዚህ ነው በስቴትቪል መድኃኒቱ ሳይቋረጥ እንኳ የደሙ መፍረስ ጋብ ያለው። የሜዲትራኒያን አካባቢው የጉድለት ዓይነት ግን እንዲህ አይምርም፤ ባቄላ መብላት ብቻውን ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ጉድለቱ በኤክስ ክሮሞዞም ይወረሳል። ወንድ ልጅ ያለው አንድ ኤክስ፣ እሱም ከእናቱ ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ የሚጠቃው ወንዱ ነው።

በአገራችንም ቫይቫክስ የተባለው ወባ አለ። ጉበት ውስጥ አድፍጦ፣ ዳነ ሲሉት ያገረሻል፤ ፕሪማኪን የሚታዘዘው ለዚሁ ነው። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከታዘዘላችሁ የጂ6ፒዲ ምርመራ እንዳለ ጠይቁ። ከዘመዶቻችሁ በመድኃኒት ደሙ የፈረሰበት ካለ አትደብቁ። ሽንታችሁ ከጠቆረ ደግሞ ኪኒኑን አቁሙና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።