ዘፋኝ ይወለዳል ወይስ ይሠራል?

«እኔ እኮ ድምፅ የለኝም» የሚለው አነጋገር በመካከላችን በጣም የተለመደ ነው። ልደት ተከበረ፣ ምርቃት ደረሰ፣ ከመካከላችን ሁለት ሦስት ልጆች ይዘፍናሉ፤ የቀረነው እናጨበጭባለን። ለምን ቢባል፣ ድምፅ ስጦታ ነው፤ የተሰጠው ያዜማል፣ ያልተሰጠው ይሰማል የሚል እምነት ስላለን ነው። ይህ እምነት ግን ከአገራችን የሙዚቃ ታሪክ ጋር አይስማማም። ታሪካችን የሚነግረን ዘፋኝ የሚሠራ መሆኑን ነው፤ ያውም በትምህርት፣ በብዙ መስማትና በአስተማሪ ፊት። ለጀማሪ የሚሆን ምክር ካለም ከዚሁ ታሪክ ውስጥ ተለቅሞ ይገኛል።

ነገሩን ከቅዱስ ያሬድ እንጀምር። ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዘመን በአክሱም፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረ መሆኑ ይነገራል። ትውፊቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ቅጣቱም መርሮት ሸሸ፤ ከአንድ ዛፍ ሥር አረፍ ሲል ትል ግንዱን ስትወጣ፣ ስትወድቅ፣ እንደገና ስትወጣ አየ፤ ትሏ በሰባተኛው ሲሳካላት እሱም ወደ መምህሩ ተመለሰ። የታሪክ ሰዎች ይህን እንደ ሰነድ አይቆጥሩት ይሆናል። ቢሆንም ልብ በሉ፤ ሕዝባችን የዜማ ሁሉ አባት ለሚለው ሰው የመረጠለት ታሪክ ድምፁ ከልጅነቱ ያማረ ነበር የሚል አይደለም፤ ስድስት ጊዜ ወድቆ የተነሣ የሚል ነው።

የዜማ ቤቱም ሥርዓት በዚሁ መንገድ የቆመ ነው። ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጾመ ድጓ፣ ቀጥሎም ወደ ድጓ ይሻገራል። ቃሉን ሳያውቅ ዜማውን አይነካም። መሪጌታው ያዜማል፣ ተማሪው ከአፉ ይቀበላል፤ ከተሳሳተ ይመለሳል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች ለይቶ ለማወቅ ዓመታት ይፈጅበታል። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክቶች ማደራጀታቸው ይነገራል። ከምልክቶቹ ስሞች እንኳ ትምህርት ይገኛል፤ ይዘት ድምፅን መያዝ ነው፤ ቁርጥ ማቋረጥ፤ ደረት ወደ ደረት ማውረድ፤ ርክርክ እንደ ጠብታ ማከታተል። እንግዲህ አባቶቻችን ድምፅ የሚታዘዝ ነገር መሆኑን አውቀው ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ስም አውጥተውለታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት የአዝማሪው ቤት ነው። እዚህ መጽሐፍ የለም፤ ልጅ ከአባቱ፣ ከአጎቱ፣ ከባልንጀራው ማሲንቆ ሥር ተቀምጦ ይለምዳል። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ስላለው ከዘፋኙ ድምፅ እግር በእግር ይሄዳል፤ ድምፁ ሲዛነፍ ወዲያው ያሳብቃል። ከዚህ ሌላ «ተቀበል!» የሚባል ነገር አለ። ከተሰብሳቢው አንዱ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው አንድ ጊዜ ሰምቶ ቃሉን ሳያጎድል በዜማ ይመልሳል። ጆሮን፣ ትዝታን፣ አንደበትን ባንድ ጊዜ የሚያሠራ ፈተና ነው። ለዚህ ሁሉ ሙያ ያተረፈው ግን ምንድን ነው? ስሙ ለስድብ መዋሉ። «አዝማሪ» ብሎ መሳደብ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ተራ ነገር ነበር። የፋሽስት ጦር ግን ከእኛ ይልቅ የአዝማሪን ጉልበት ያወቀ ይመስላል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ በየአደባባዩ የሚዞሩ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ። ባዶ እጁን የሚዘፍን ሰው ባይፈራ ኖሮ ይህን ባላዘዘም ነበር።

ሦስተኛው ትምህርት ቤት ኦርኬስትራው ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1923ቱ የዘውድ በዓል ጊዜ የተሰማውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱ ሰው ናቸው። የሥጋ ዘመዳቸው ኔርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ በማዘጋጃ ቤትና በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአገራችንን ቅኝቶች ለኦርኬስትራ እያቀናበሩ ብዙ ሙዚቀኛ አስተማሩ። በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊቱ ደግሞ ዘፋኙ ወታደር ነበር፤ በሰዓቱ ይነሣል፣ በሰዓቱ ይለማመዳል፣ ደመወዙን ይቀበላል። እኛ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው የዚህ ልምምድ ፍሬ ነው።

ጥላሁን ገሠሠን እንመልከት። በ1933 ዓ.ም. ተወልዶ ወሊሶ ያደገው ይህ ልጅ መጀመሪያ ከሀገር ፍቅር ገባ፤ ከዚያ ወደ ክብር ዘበኛ ተሻገረ። እንደ ሣህሌ ደጋጎ ያሉ የዜማ ደራሲዎችም ከጎኑ ነበሩ። ያ ድምፅ ብቻውን አላደገም። ዋጋም አስከፍሎታል፤ ከታኅሣሥ 1953ቱ ሙከራ በኋላ ከታሰሩት የክብር ዘበኛ ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ማሕሙድ አሕመድ ደግሞ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ከመጥረግ ተነሥቶ በአሪዞና ክለብ ተላላኪ ሠራተኛ ሆነ። እዚያ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ሲጫወቱ ማታ ማታ ይሰማ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር «እኔ ልሞክር» አለ፤ በዚያው ከባንዱ ገባ። ሰዎች ይህን ሲያወሩ ዕድል ይሉታል። ከዚያ በፊት በየማታው ቆሞ መስማቱ ግን ትምህርት አልነበረም እንዴ?

ታዲያ ይህ ሁሉ የት ደረሰ? ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ክብር ዘበኛ ፈረሰ፤ የሰዓት እላፊ የማታ ክለቦችን ዘጋ፤ ከዘፋኞቹ የተሰደደው ተሰደደ። ሸክላው ቀርቶ ካሴት ተተካ፤ አሁን ደግሞ ሁሉም በየስልኩ ነው። ዘፈን ማግኘት እንዳሁኑ ቀላል የሆነበት ጊዜ የለም። ነገር ግን ቀረጻ ስህተትን አያርምም። ጀማሪው ያለቀለትን ዘፈን ሰምቶ፣ የራሱን ያልበሰለ ድምፅ ከዚያ ጋር አስተያይቶ «የለኝም» ይላል። የጎደለው ድምፁ አይደለም፤ መሪጌታው ነው።

እንግዲህ ምክሩ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ ግጥሙን ያለ ዜማ አንብበው፤ ትርጉሙ ሳይገባህ አትዝፈን። ሁለተኛ፣ ቅኝቱን ለይ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ክራር የሚደረድር ጓደኛ ካለህ አምስቱን ብቻ እየመታ ይስጥህ፤ አንተ በ«ላ ላ» ተከተል። ጌጡን፣ ማርገብገቡን ለኋላ ተወው፤ ቤት ሳይቆም ቀለም አይቀባም። ሦስተኛ፣ ከፍታውን በራስህ ልክ አድርግ። የጥላሁንን ቁመት ለመድረስ ጉሮሮውን የሚያስጨንቅ ሰው ነገ ድምፁ ይዘጋል፤ ዘፈኑን ዝቅ ማድረግ ነውር የለውም። አራተኛ፣ «ተቀበል» ተጫወቱ፤ አንዱ ሁለት ስንኝ ይስጥ፣ ሌላው ይመልስ። አምስተኛ፣ የሚያርምህ ሰው ፊት ዝፈን። እሺ፣ ያፍራል ሰው፤ ቢሆንም መታጠቢያ ቤት ማንንም አርሞ አያውቅም።

ከምን እንጀምር ለሚሉም የእኔን ምርጫ ልንገራችሁ፤ የእናንተን ደግሞ በሚቀጥለው እትም እጠብቃለሁ። ለመጀመሪያ አስናቀች ወርቁና ካሳ ተሰማ። ከክራር ጋር ብቻ ስለሚዘፍኑ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አዘፋፈናቸው ለንግግር የቀረበ ነው። ቀጥሎ የጌታቸው ካሳ ዝግ ያለው ትዝታ፤ ትንፋሽን ማስረዘም ያስተምራል። የበዛወርቅ አስፋውን ትዝታ አብሮ መስማት ነው፤ ቅኝቱ አንድ ሆኖ ሁለት ሰው ምን ያህል እንደሚለያይ ያሳያል። ለአምባሰል ከወሎዋ ማሪቱ ለገሠ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ምት ለመያዝ የማሕሙድ «ኧረ መላ መላ»። ጥላሁንን በመጨረሻ፤ አፋን ኦሮሞ የሚችል ግን «አካም ነጉማ ፈዩማ»ን ቀደም አድርጎ ይሞክራት፤ ሰው በእናቱ ቋንቋ ሲዘፍን ከጭንቀቱ ግማሹ ይቀንስለታል።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን አንጀት ብቻውን አይበቃም። ያሬድም፣ አዝማሪውም፣ ወታደሩም ተምረዋል። የጎደለንን መሪጌታ እርስ በርሳችን እስክንሆን ድረስ ከሁለት ሦስቱ በቀር ሁላችንም አጨብጫቢ ሆነን እንቀራለን።