የጨረር መለኪያ ክሪስታል ታሪክ፦ ከማጥራት ወደ ዘዴ

የጋማ ጨረር ከየትኛው ንጥረ ነገር እንደ ፈለቀ የሚታወቀው በኃይሉ መጠን ነው። መለኪያው ተቀራራቢ ኃይሎችን መለየት ከተሳነው፣ ሁለት ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች አንድ መስለው ይታያሉ። ስለዚህ የመለኪያው ታሪክ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ይኸውም ጨረሩ በክሪስታሉ ውስጥ ያስነሣው የኤሌክትሪክ ሙል ሳይጐድል እንዴት ይሰበሰብ? የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1949 የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ ማኬይ የአልፋ ቅንጣቶችን በጀርማኒየም ቆጠረ። የጀርማኒየም ብልጫ ግልጽ ነበር። ኤሌክትሮንን ከቦታው አስነሥቶ በስፍራው ባዶ ቀዳዳ ለመተው በጋዝ ውስጥ 30 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ሲያስፈልግ፣ በጀርማኒየም 3 ያህል ይበቃል። ጥንዶቹ በበዙ መጠን ልኬቱ ይጠራል።

እንቅፋቱ በክሪስታሉ ውስጥ የተሰገሰገው ባዕድ አቶም ነበር። በ1960 የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ኤሪክ ፔል ሊቲየምን በኤሌክትሪክ መስክ እየገፋ ወደ ክሪስታሉ በማስረግ የባዕዱን ተጽዕኖ አካካሰ። ከዚህም በተገኘው መንገድ በሶዲየም አዮዳይድ ሲለካ ከ60 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የሚበልጥ ስፋት የነበረው የኮባልት 60 የ1,332 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት መስመር፣ በጀርማኒየም ወደ 2 ጠበበ። ሆኖም ሊቲየም የሰረገበት ጀርማኒየም ከፈሳሽ ናይትሮጂን ቅዝቃዜ ወጥቶ ከሞቀ ይበላሽ ነበር። በ1970ዎቹ ከአንድ ትሪሊዮን አቶሞች መካከል አንድ ባዕድ እንኳ የማይገኝበት ጀርማኒየም ሲመረት፣ መለኪያው ሳይበላሽ ሞቆ መቀመጥ ቻለ፤ በሥራ ላይ ግን መቀዝቀዙ አልቀረም።

ያለ ማቀዝቀዣ የሚሠራው ካድሚየም ዚንክ ቴሉራይድ ሌላ ችግር አመጣ። በእርሱ ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ፈጥነው ሲደርሱ፣ ቀዳዳዎቹ በመንገድ ይያዛሉ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ኃይል ያለው ጨረር፣ እንደ አረፈበት ጥልቀት የተለያየ ምልክት ይሰጣል። ክሪስታሉን በማጥራት ብቻ ይህን ማስወገድ አልተቻለም።

መፍትሔው የተገኘው ከድሮ የጋዝ መለኪያ ነው። ኦቶ ፍሪሽ በ1944 የቀርፋፎቹን አዎንታዊ አየኖች ተጽዕኖ በሽቦ ፍርግርግ ከልሎ፣ ምልክቱን ከኤሌክትሮኖቹ ብቻ ወስዶ ነበር። በ1994 የበርክሌዩ ፖል ሉክ ይህን ሐሳብ ወደ ክሪስታል አመጣው። በክሪስታሉ ገጽ ላይ ሁለት የተጠላለፉ ፍርግርጎችን ዘርግቶ የአንዱን ምልክት ከሌላው ቀነሰ። የቀዳዳዎቹ ድርሻ በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ በመቀነሱ ይሰረዛል፤ የሚቀረው የኤሌክትሮኖቹ ምልክት ነው።

ውጤቱ ጀርማኒየምን ባይተካከልም፣ ናይትሮጂን ለማይደርስበት ሥፍራ የሚበቃ መለኪያ አስገኝቷል። ታሪኩ ለመሐንዲስ የሚያስተምረው፣ የቁሱ ጉድለት አልወገድ ሲል አለካኩን ማስተካከልም ሙሉ መፍትሔ ሊሆን እንደሚችል ነው።