ማዕድን ይማሩ የተላኩት ሠዓሊ

ጥቅምት 12 የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የልደት ቀን ነው። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ፤ በ2004 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 2 ቀን አረፉ። ትልቁን የመስታወት ሥዕላቸውን የያዘው አፍሪካ አዳራሽ ከረጅም ዕድሳት በኋላ ዳግም የተከፈተውም በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት 11፣ በልደታቸው ዋዜማ ነበር። ስማቸውን እዚህ አርሲ፣ ጮሌም ሆነ አሰላ፣ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ወደ ሥዕል የገቡበት መንገድ ሲተረክ ግን ብዙ ጊዜ ይዛባል፤ እኔም ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት እሱን ነው።

ጣሊያን ሲገባ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ፤ ሲወጣ ስምንት ዓመታቸው። ከነጻነት በኋላ አገሪቱ የተማረ ሰው አጥታ ስለነበር መንግሥት ጎበዝ ጎበዙን ልጅ እየመረጠ ውጭ ይልክ ጀመር። አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947፣ በ15 ዓመታቸው ግድም፣ እንግሊዝ አገር ሄዱ።

በአጭሩ ሲወራ “ጃንሆይ ሥዕል እንዲማሩ ላኳቸው” ይባላል። ወሬው ለሰሚ ይጥማል፤ ንጉሡንም አርቆ አሳቢ፣ ልጁንም ከመነሻው የታጨ ሠዓሊ ያደርጋል። ሎሬቱ ራሳቸው ሲተርኩት የኖሩት ግን ሌላ ነው። የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ነበር። ተማሪዎቹ ሲሰናበቱ ንጉሡ የሰጧቸውን ምክርም አይረሱትም ነበር፦ ስትመለሱ የአውሮፓን ፎቅ ርዝመትና የመንገዱን ስፋት እንዳታወሩልን፣ አገር የምትገነቡበትን ሙያ ይዛችሁ ኑ የሚል። ሌይተን ፓርክ በተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ሳሉ የእጃቸውን ተሰጥኦ ያዩት መምህራን ናቸው ወደ ሥዕሉ የገፏቸው። ከዚያ ለንደን ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ስሌድ ገብተው ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና የሕንፃ ንድፍ ተማሩ።

ለእኔ የሚታመነው ይህ ሁለተኛው ነው። የ1940ዎቹ ኢትዮጵያ መንገድና ድልድይ የሚሠራ፣ ማዕድን የሚያወጣ ባለሙያ ትሻ ነበር፤ የመንግሥትን ገንዘብ ለሥዕል ማዋል ያን ጊዜ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ከተመለሱ በኋላ የሠሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመጡ ለተማረ ሰው የሚሰጠው የሹመት ወንበር በቀላሉ ይገኝ ነበር። እርሳቸው ግን የየጠቅላይ ግዛቱን ሕዝብና ባህል ለማየት አገር ለአገር መዞርን መረጡ። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርዕያቸውን አቀረቡ፤ ባገኙት ገንዘብም አውሮፓ ተመልሰው ሁለት ዓመት ያህል የመስታወት ሥዕልን ጥበብና በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ያሉትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች አጠኑ። ምሕንድስናን ትቶ ሥዕል ይዞ የመጣ ሰው ንጉሡ ለጠየቁት ሙያ መልስ ሊሰጥ የተነሣ ይመስላል፤ የታዘዘ ሰው እንዲህ አይለፋም።

የዘይት ቀለም ሥራዎቻቸው ብዙ ናቸው፤ “የመስቀል አበባ” እና “እናት ኢትዮጵያ” ይበልጥ ይታወቃሉ። እኔን የሚስበኝ ግን የሰሜን ተራሮችን የሣሉበት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳኑ ሜዳውን ሞልተው ይቆማሉ፤ ተራራና ሰማይ ቢኖር ለእነርሱ ማረፊያ ያህል ነው። መልክዐ ምድር ራሱን ችሎ በሸራ ላይ ባለቤት የሆነው በዘመናዊ ሠዓሊዎቻችን እጅ ነው። በባዳና በጭላሎ ተራሮች አቅራቢያ ያደግን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። ጥቅምት ላይ ደመናው ሲገፈፍ፣ ገብሱ ከላይ ገና አረንጓዴ ሆኖ ከታች ሲነጣ፣ ሸንተረሩ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ዓይነት ቀለም ይለብሳል።

አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ ሠዓሊው 28 ዓመታቸው ነበር። “የአፍሪካ ሙሉ ነጻነት” የተባለው የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሰፋል፤ በሦስት ክፍል የአህጉሪቱን ትናንት፣ ትግሏንና ነገዋን ያሳያል። ነገን በሚያሳየው ክፍል ችቦ የያዘ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ይቀድማል፤ ከኋላው የየአገራቸውን ልብስ የለበሱ አፍሪካውያን ይከተላሉ፤ ከእነርሱ ኋላ የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ ያለበት ጥሩር የለበሰ ተዋጊ ቆሟል። በ1955 ዓ.ም. ግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሊመሠርቱ የመጡት መሪዎች የተሰበሰቡት በዚሁ ሕንፃ ነው። ያን ሁሉ መስታወት በክፈፍ አስሮ ማቆም ራሱ ምሕንድስና ነው፤ የማዕድኑ ተማሪ ከነጭራሹ አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ ክብሩ ተከታትሎ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት፤ በ1981 ደግሞ የራሳቸውን መልክ የሣሉበት ሥራ ፍሎረንስ በሚገኘው የኡፊዚ ሙዚየም ገባ። ከአክሱም፣ ከጎንደርና ከሐረር ግንባታ ቀምረው ባቆሙት፣ ቪላ አልፋ በተባለው ቤታቸው ሲሠሩ ሦስት መንግሥት አለፈባቸው። “የቤተ መንግሥት ሠዓሊ” የሚላቸው አልጠፋም። የመንግሥት ሥራ መቀበላቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያን ጊዜ 150 ካሬ ሜትር መስታወት የሚያሠራ ሌላ ማን ነበር?

አሁን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን “የክወናና የእይታ ጥበባት” የሚባል ትምህርት አለ። የጮሌና የአካባቢው መምህራን ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ እንዳይወሰድ አደራ እላለሁ፤ ሊሣል የሚችል ተራራ ከክፍሉ በር ላይ አለ። ወላጆችና ወረዳው ወረቀትና ቀለም ቢያግዙ፣ የዓመቱ የትምህርት ጉብኝትም አስቀድሞ ፈቃድ ተጠይቆ ወደ አፍሪካ አዳራሽ ቢሆን መልካም ነው። የመስታወት ሥዕል ከውስጥ ሆኖ በቀን ብርሃን ነው የሚታየውና አውቶቡሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ አለበት፤ ከጮሌ ለሚነሱ ልጆች ደግሞ አዳማ ወይም አሰላ ማደሩ ይሻላል።