ዕውቀት በዘር ይወረሳልን?

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚል ተረት አለን። ይህንንም ተረት አንዳንድ ሰዎች «ጎበዝ የሚወለደው ከጎበዝ ነው፤ ሰነፍም ከሰነፍ ነው» ለማለት ይጠቀሙበታል። እኔም ሳልመረምር ስቀበለው ኖሬአለሁ። እንድመረምረው ያደረገኝ በክፍላችን የሆነ አንድ ነገር ነው።

አንድ የባለ እጅ ልጅ አብሮን ይማራል። አባቱ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣሉ፤ እናቱም እንስራና ምጣድ ይሠራሉ። በሒሳብ ፈተና ዝቅተኛ ማርክ ባገኘ ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ ልጆች «ከጠይብ ልጅ ምን ይጠበቃል» አሉ። በሚቀጥለው ፈተና አንደኛ ሲወጣ ደግሞ እነዚያው ልጆች «የጠይብ ዘር መች ተንኰል ያጣል» አሉ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቼ ዝም አልሁ። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ነገሩን አሰብሁት። ቢወድቅም ዘሩ ነው፥ ቢያልፍም ዘሩ ነው ከተባለ ይህ ቃል ምንም የሚያስረዳው ነገር የለም።

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ፥ እንደ ሌላውም ያገራችን ክፍል፥ ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው ሲናቁ ኖረዋል። ቡዳ ናቸው እየተባሉ ይታሙ ነበር፤ ከነርሱ ጋር መጋባት እንደ ነውር ይቈጠር ነበር፤ በብዙ ቦታም የርስት መሬት አልነበራቸውም። እንግዲህ መሬት የሌለው ሰው ለልጁ ከወናፉ በቀር ምን ያወርሰዋል? ልጁ በሰባት ዓመቱ ወናፍ መንፋት ይጀምራል፤ በዐሥራ ሰባት ዓመቱም የብረቱን ቅላት አይቶ የሚመታበትን ጊዜ ያውቃል። ሰው ያየው ዐሥራ ሰባተኛውን ዓመት ብቻ ነው፤ በመካከል ያለፉትን ዐሥር ዓመታት አላየም። ስለዚህ «በደሙ ነው» አለ። ልማድ የዘጋውን በር ተፈጥሮ እንደ ዘጋው አድርጎ ቈጠረው።

ይህን ስሕተት ካዩት አንዱ ከደብረ ብርሃን አጠገብ በአንጎለላ የተወለዱት፥ አንኮበርንም መቀመጫቸው አድርገው የነበሩት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። በ1900 ዓ. ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑንም አሳሰቡ። ዐዋጁ ግን ስድቡን ከለከለ እንጂ ሥሩን አልነቀለም። የርስቱ ሥርዓት እስከ 1967 ዓ. ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ቈየ፤ ስድቡም በኛ ክፍል እንደ ተሰማው ዛሬም አልጠፋም።

በር ሲከፈት ምን እንደሚሆን ግን ታሪካችን ያሳየናል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ከመኳንንት ዘር አልነበሩም፤ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው በምኒልክ ግቢ ያደጉ ናቸው። በ1900 ዓ. ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1919 ዓ. ም. እስኪሞቱም ድረስ በምክራቸውና በፍርድ ዐዋቂነታቸው የተከበሩ ነበሩ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በ1860 ዓ. ም. መቅደላ ሲወድቅ ገና ሕፃን ነበሩ። አንድ የእንግሊዝ መኰንን ወደ ሕንድ አገር ወሰዳቸው፤ በዚያም ተምረው በላሆር በሕክምና ተመረቁ። በመቅደላ የቀሩት እኩዮቻቸው ሐኪም ያልሆኑት ደማቸው ስላነሰ ነውን? አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ባገራችን አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት ስላልነበረ ነው።

ስሕተቱ የኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1869 ጋልተን የሚባል እንግሊዛዊ የታወቁ ሰዎችን ዘመዶች ቈጥሮ ከፍ ያለ አእምሮ በዘር ይወረሳል ሲል መጽሐፍ አወጣ። ዳሩ ግን እነዚያ ቤተሰቦች ከደም ሌላ ሀብትንም፥ ትምህርት ቤትንም፥ ወዳጅንም ይወራረሱ ነበር። በ1905 ቢኔ የሚባል ፈረንሳዊ የአእምሮ ፈተና ያዘጋጀው ርዳታ የሚያሻቸውን ልጆች ለመለየት ነበር፤ አእምሮም በትምህርት እንደሚጎለብት ያምን ነበር። ሌሎች ግን ፈተናውን ሕዝብን ከሕዝብ ለማበላለጥ አዋሉት። ኋላ በሃያኛው መቶ ዓመት በብዙ አገሮች የዚህ ፈተና አማካይ ውጤት በየትውልዱ እየጨመረ ሄደ። የሕዝብ ዘር በሁለት ትውልድ ይህን ያህል አይለወጥም፤ የተለወጠው ኑሮው ነው።

ይህ አሳብ እስከ ምን እንደሚያደርስም እኛ ኢትዮጵያውያን በደማችን አውቀነዋል። የፋሽስት ኢጣልያ መንግሥት ጥቁር ሕዝብ በተፈጥሮው ያነሰ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ሆኖም በየካቲት 1929 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ፍጅት ሲያደርግ የተማሩትን ወጣቶች እየፈለገ ገደለ። ኢትዮጵያዊ መማር አይችልም ብሎ በውነት ያመነ ሰው የተማረውን ኢትዮጵያዊ ለምን ይፈራል?

ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው ማለቴ አይደለም። ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች እንኳ ይለያያሉ፤ ለዚህም ልዩነት የዘር ድርሻ አለው። ነገር ግን ወንድም ከወንድሙ መለየቱ አንዱ ወገን ከሌላው ወገን ለምን እንደ ቀደመ አያስረዳም። ገብሱ የቀጨጨበት ገበሬ ዘሩን ከመውቀሱ በፊት መሬቱን ያያል። እኛም አንድ ልጅ ሲደክም ማታ የሚያነብበት መብራት አለውን? በልቶ መጥቷልን? የሚያበረታታው ሰው አለውን? ብለን ብንጠይቅ ይሻላል።

ያን ልጅ ዝም በማለቴ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ወሰደኝና ወናፉን ልንፋ ብዬ ለመንሁ፤ ወዲያው እሳቱን አጠፋሁት። አፈርሁና «እኔ ከገበሬ ስለ ተወለድሁ ይሆናል» አልሁ። አባቱም ሳቁና «ይኸ ልጄም መጀመሪያ የነፋ ዕለት አጥፍቶት ነበር» አሉኝ።