ከጣርማ በር የሚቀሰም የዝግጁነት ትምህርት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ 180 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ከጣርማ በር ይደርሳል። የሥፍራው ከፍታ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ደጋው እዚህ ላይ በድንገት ያበቃና ቁልቁለቱ በደብረ ሲናና በአርማንያ በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው የሠሩት፣ ርዝመቱ 600 ሜትር የሚጠጋው ዋሻ ለሰሜኑ መንገድ እንደ ጉሮሮ ሆኖ ኖሯል። ለአንድ አገር እህሉም፣ መድኃኒቱም፣ ተጓዡም በአንድ ጠባብ በር የሚያልፍ ከሆነ፣ በሩ የተዘጋ ዕለት ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ማሰብ ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም።

ገደሉ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ትከሻ ነው። ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ዐለት በብዙ ሥፍራ ተሰነጣጥቋል። የክረምቱ ውኃ በስንጥቁ እየሰረገ የላላውን አፈር ያከብደዋል፤ ዳገቱም ቀጥ ያለ በመሆኑ ክብደቱን መሸከም ሲያቅተው ይንሸራተታል። ስለዚህ ናዳና የመሬት መንቀጥቀጥ ለዚህ አገር እንግዳ ደራሽ አይደሉም፤ ደጋግመው የመጡና ወደፊትም የሚመጡ ናቸው።

በዚሁ ገደል ጫፍ፣ ከጣርማ በር በስተደቡብ የምትገኘው አንኮበር ለዚህ ቀዳሚ ምስክር ናት። በ1835 ዓ.ም. የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ፣ ከከባድ ዝናብና ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር የመጣ ናዳ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። በዚያን ዘመን በሸዋ የነበሩት የእንግሊዝ መልእክተኞች ነገሩን ጽፈውታል፤ ይሁን እንጂ ጽሑፉ በባሕር ማዶ በተጓዦች መጽሐፍ ውስጥ ቀረ እንጂ ለገደሉ ነዋሪ ማስጠንቀቂያ ሊሆነው አልቻለም።

ሁለተኛው ምስክር ከጣርማ በር በስተሰሜን ያለው አገር ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሥቶ ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬም ከቤቶቹ እኩሌታ የሚጠጋው ወደቀ፤ አውራ ጎዳናውም ተሰነጣጠቀ። በዚህ ጊዜ ግን አንድ አዲስ ነገር ነበር። በ1950 ዓ.ም. ግድም በአባ ፒየር ጉዋን መሪነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ የምድሪቱን መናወጥ በመሣሪያ መዝግቧል። ጉዋን በ1971 ዓ.ም. ባሳተሙት የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ የአንኮበሩም መከራ ስፍራውን አግኝቷል። ነገሩ ከመንገደኛ ትዝታ ወጥቶ ከሳይንስ መዝገብ እስኪገባ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው።

ሦስተኛው ምስክር ቅርብ ነው። በ1998 ዓ.ም. መባቻ፣ ክረምቱ ምድሪቱን ካራሰ በኋላ፣ በደብረ ሲና አካባቢ በይዛባ ሰፊ የመሬት መንሸራተት ደርሶ የብዙ ቤተሰብ መኖሪያና እርሻ ጠፋ። ተመራማሪዎች ወደ ሥፍራው ሄደው መንሥኤውን ያጠኑት ከዚያ በኋላ ነው። ገበሬው የመሬትን መሰንጠቅ፣ የምንጭን መደፍረስ፣ የዛፍን መዘንበል ከማንም ቀድሞ ያያል፤ ምሁሩ ምልክቱ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል፤ አስተዳዳሪው ሰዎችን የማንሣት ሥልጣን አለው። ሦስቱ ከአደጋው በፊት ካልተገናኙ ግን የእያንዳንዳቸው ዕውቀትና ሥልጣን ለብቻው ሕይወት አያድንም።

ይህ እውነት በረኃብም ታይቷል። የወሎ ረኃብ ካስከተለው እልቂት በኋላ በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ጥቂት ቆይቶም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ተጀመረ። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሾች የድረሱልን ጥሪ ቢያሰማም ዓለም በብዛት የተንቀሳቀሰው በ1977 ዓ.ም. የረኃቡ ምስል በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። ማስጠንቀቂያው ሳይጠፋ ሰሚው ዘገየ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ መከላከል ፖሊሲና በ2005 ዓ.ም. የተተካው የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ትኩረታቸውን ከደረሰ በኋላ ከመርዳት ወደ አስቀድሞ መቀነስ ያዞሩት ከዚህ ተምረው ነው።

ነገር ግን ፖሊሲ እስከ ቀበሌ ካልወረደ ምን እንደሚሆን ጎፋ አሳይቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ደርሶ ሰዎች ተቀበሩ። ጎረቤቶቻቸው እነርሱን ለማውጣት ሲረባረቡ ሁለተኛ ናዳ ወርዶ አዳኞቹን ጨምሮ ቀበራቸው፤ የሟቾች ቁጥር ከ200 በላይ ሆነ። ሰው ለሰው መድረሱ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ዳገቱ ገና እንዳልረጋ የሚያስጠነቅቅና የሚያስተባብር ባለመኖሩ ርኅራኄው ራሱ የሞት መንሥኤ ሆነ።

የማስተባበሩ መሠረት ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። እድር የአባላቱን ስም በመዝገብ ይይዛል፤ ጥሩምባ ነፊ አለው፤ ድንኳንና ድስት አለው፤ ወርኃዊ መዋጮ ይሰበስባል፤ ዳኛው ሲያዝ ይታዘዛል። ይህ ሁሉ ከሞት በኋላ የሚሠራ ሥርዓት ነው። ከሞት በፊትም እንዲሠራ ማድረግ ግን ይቻላል። ስንጥቅ ያየ ገበሬ ለማን እንደሚናገር፣ ጥሩምባው ሲነፋ ሕዝቡ ወደ የትኛው ጽኑ መሬት እንደሚሸሽ፣ አረጋውያንንና ሕሙማንን ማን እንደሚያነሣ፣ ዋሻው ወይም መንገዱ ቢዘጋ ከላይና ከታች ያሉት ወረዳዎች መድኃኒትና እህል በየትኛው በኩል እንደሚያደርሱ በበጋው ተወስኖ፣ ተጽፎና ተሞክሮ ቢገኝ ክረምቱ ሲመጣ ጊዜ በጥያቄ አያልፍም። በዚህ ረገድ የመሐንዲሱ፣ የሐኪሙ፣ የሥነ ምድር ባለሙያውና የመምህሩ ድርሻ ዕውቀቱን በሕዝቡ ቋንቋ ወደ መንደሩ ማውረድ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። በ1835፣ በ1953 እና በ1998 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነበር። ገደሉ ከቦታው አይነቀልም፤ ዝናቡም መዝነሙን አይተውም። ሊለወጥ የሚችለው ጩኸቱ የሚሰማበት ጊዜ ብቻ ነው።